የእሑድ ዕረፍት በቦምቤይ፦ የ1881ዱ የፋብሪካ ሕግና የሠራተኞቹ አቤቱታ

እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ሕንድ የመጀመሪያው የፋብሪካ ሕግ በ1881 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አጥብቀው ከጎተጎቱት አንዱ ወገን የእንግሊዝ ላንካሻየር ጨርቃ ጨርቅ አምራቾች ነበሩ። በአገራቸው የሥራ ሰዓት በሕግ ተገድቧል፤ የቦምቤይ ፋብሪካ ግን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ይፈትላል። የሕንድ ባለፋብሪካዎችና ብዙ የአገሬው ጋዜጦች ሕጉን የእነዚሁ የማንቸስተር አምራቾች ተንኮል ነው ብለው ተቃወሙት። ጥርጣሬያቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ሠራተኛው ራሱ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

ሕጉ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ፋብሪካዎች ብቻ ይመለከት ነበር፤ የሻይና የቡና እርሻዎችን አይነካም። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይቀጠሩ፣ ከ7 እስከ 12 ያሉት በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩና በወር 4 ቀን እንዲያርፉ ደነገገ። የአዋቂዎችን የሥራ ሰዓት ግን አልገደበም።

ናራያን ሜጋጂ ሎካንዴ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የማኅበራዊ ለውጥ አራማጁ የጆቲራኦ ፉሌ ተከታይና የ«ዲንባንዱ» ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ይህ ሰው በመስከረም 1884 ሠራተኞችን ሰብስቦ ከ5,000 በላይ ፊርማ ያረፈበት አቤቱታ አቀረበ። እሑድ ይዘጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት እንረፍ፣ በሥራ ላይ የተጎዳ አይጣል ይላል። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚናገረው ግን ደመወዝ ቢዘገይ ከተከታዩ ወር 15ኛ ቀን እንዳያልፍ የሚለው ነው። የሠራበትን ገንዘብ ለሳምንታት የሚጠብቅ ሰው እህሉን በዱቤ ይወስዳል፣ ከአራጣ አበዳሪም ይበደራል፤ ዕዳው ሳያልቅ ፋብሪካውን ጥሎ መሄድም ይቸግረዋል። ከእንግሊዝ የመጣው ክርክር ስለ ሰዓት ብቻ ነበርና ይህን አላየውም።

በሚያዝያ 1890 ወደ 10,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ተሰበሰቡ፤ ሁለት ሴቶችም ተነሥተው ተናገሩ። የባለፋብሪካዎች ማኅበር በሰኔ ወር የእሑድን ዕረፍት ፈቀደ። ሳምንታዊውን ዕረፍት ያጸናው ሁለተኛው ሕግ የወጣው በ1891 ስለሆነ፣ እሑድን የመንግሥት ስጦታ አድርጎ መጻፍ የቀን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ይኸው ሕግ የሴቶችን ሥራ በቀን በ11 ሰዓት ወሰነ፣ የልጆችን መነሻ ዕድሜም ወደ 9 ከፍ አደረገ።

አዋቂ ወንዶች አሁንም ከሕጉ ውጭ ቀሩ። ኋላ የኤሌክትሪክ መብራት ሲገባ የፀሐይ መጥለቅ ሥራ ማስቆሙ ቀረ፤ በአንዳንድ ፋብሪካዎች ቀኑ ከ14 ሰዓት አለፈ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ለወንዶች የ12 ሰዓት ጣሪያ የተበጀው በ1911 ነው፤ ሎካንዴ ከሞተ 14 ዓመት አልፎታል።