የፀረ-ቫይረስ ቁልፍ ታሪክ፤ ከገዢው ቤት ወደ ሠሪው ቤት

የኮምፒዩተር ቫይረስና የፕሮግራም ስርቆት ከመነሻቸው የተዛመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 በላሆር ከተማ ወንድማማቾቹ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ «ብሬይን» የተባለውን ቫይረስ ሠሩ፤ ምክንያታቸውንም ሲገልጹ፥ የሕክምና ፕሮግራማቸውን ያለ ዋጋ የሚገለብጡትን ለመከላከል ነው ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ቫይረስን ማጥፋት ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ፤ የንግዱም ዕቃ በተራው ተሰረቀ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሠሪዎቹ ይህን የተከላከሉበትን መንገድ በሦስት ደረጃ ከፍለን እንመለከታለን።

በመጀመሪያው ደረጃ ቁልፉ የሚገኘው በገዢው ቤት ነበር። ፕሮግራሙ ለሙከራ፥ ለምሳሌ ለ30 ቀን፥ በነጻ ሲሰጥ የተጀመረበትን ዕለት በኮምፒዩተሩ ውስጥ በስውር ይመዘግባል። አንዳንድ ሰዎች ይህን መዝገብ የሚፍቅ መሣሪያ አወጡ፤ ቀኑም ባለቀ ቁጥር ቆጠራው እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ሠሪዎቹ መዝገቡን በልዩ ልዩ ስፍራ ደበቁት፤ ሌላ ፕሮግራም እንዳይነካውም ዘብ አቆሙለት። ዳሩ ግን ኮምፒዩተሩ በእጁ ያለ ሰው ጊዜ ካገኘ የማይሰብረው ቁልፍ እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ በሁለተኛው ደረጃ መዝገቡ ወደ ሠሪው ቤት ተዛወረ። ፀረ-ቫይረስ አዲስ ቫይረስን ለይቶ የሚያውቀው በየጊዜው ከኩባንያው ዝርዝር ሲቀበል ነው። ሊቀበል በመጣ ጊዜ የፈቃዱ ቁጥርና የኮምፒዩተሩ መለያ ይመረመራል፤ ቁጥሩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ዝርዝሩ ይከለከላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፥ ቀለቡ የተቋረጠበት ዘበኛ አዲሱን ሌባ አይለይም።

ለሦስተኛው ደረጃ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1988 በፕራግ በፓቬል ባውዲሽና በኤድዋርድ ኩቼራ የተመሠረተው፥ «አቫስት»ን የሚሠራው ኩባንያ ነው። በአሪዞና ለሚገኝ ድርጅት ለ14 ተጠቃሚዎች የተሸጠ አንድ ፈቃድ ከ200 በሚበልጡ አገሮች በ774,651 ኮምፒዩተሮች ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተገለጸ፤ ከነዚህም ሁለቱ በቫቲካን ነበሩ። ኩባንያው ግን ወደ ክስ አልሄደም፤ በየኮምፒዩተሩ ማስታወቂያ አውጥቶ፥ ወይ በሕግ ግዙ፥ ወይም ነጻውን ውሰዱ ሲል አማረጣቸው። ለቤት ተጠቃሚዎች ነጻውን ማደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበርና።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ ሠሪዎቹ የበረቱት በቁልፉ ጥንካሬ አይደለም፤ የሚሸጡት ነገር አንድ ጊዜ ተገልብጦ የሚያበቃ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የየዕለት አገልግሎት በመሆኑ ነው። በትግሉ መካከል የሚጎዳው ግን ተጠቃሚው ነው። መዝገብ የሚፍቀው መሣሪያ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ዘበኛውን አስተኛልኝ ይላል፤ ዘበኛው በተኛ ጊዜ ይዞት የገባውን ደግሞ የሚፈትሽ የለም።