ፀረ ድብርት መድኃኒቶችና የደም ሶዲየም መቀነስ

የድብርት (ድባቴ) ሕመምን ለማከም የሚሰጡ መድኃኒቶች የብዙ ሕሙማንን ሕይወት የታደጉ ቢሆንም፣ በአንዳንዶች ላይ በደም ውስጥ የሚገኘውን የሶዲየም መጠን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት የሚታረም ሲሆን፣ ሳይታወቅ ከቆየ ግን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። እንደ ሀዋሳ ባሉ፣ ከሩቅ የሚመጡ ሕሙማን በሚታከሙባቸው ከተሞች ደግሞ ልዩ ክትትል ይሻል።

ሶዲየም በገበታ ጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሰውነትን የውኃ ሚዛን ለመጠበቅና ለነርቭና ለጡንቻ ሥራ ያገለግላል። መጠኑ በጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ደም ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ከ125 በታች መውረዱ እንደ ከፍተኛ መቀነስ ይቆጠራል።

የችግሩ መነሻ ብዙውን ጊዜ የጨው እጥረት ሳይሆን የውኃ መጠራቀም ነው። ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ሲታሎፕራም የመሳሰሉት መድኃኒቶች ኩላሊት ውኃን በሽንት እንዳያስወግድ የሚያደርገውን ሆርሞን ያበረታታሉ። ሰውነት ውኃ ሲይዝ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት ቀደምት መድኃኒቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

ችግሩ በአብዛኛው የሚከሰተው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ውስጥ ነው። ይበልጥ የሚጋለጡት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ሴቶች፣ ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ፣ እንዲሁም ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰለ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የሐሳብ መዘበራረቅና ሲራመዱ መንገዳገድ ሲሆኑ፣ ሲብስ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላሉ። አሳሳቢው ጉዳይ ድካሙና መደነዛዙ ከድብርቱ ጋር መመሳሰላቸው ነው። ሕመሙ እንደባሰ ወይም እርጅና እንደሆነ ተቆጥሮ የመድኃኒቱ መጠን ቢጨመር ጉዳቱ ይከፋል።

በሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ የሚገኘው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አቀፍ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ከከተማዋ ነዋሪዎች ሌላ ከአጎራባች አካባቢዎች በሪፈር የሚላኩ ሕሙማንን ያስተናግዳል። ከሩቅ መጥቶ መድኃኒት ታዝዞለት ወደ ቀዬው የተመለሰ ሕመምተኛ፣ አደጋው በሚያይልባቸው ሳምንታት ከሐኪሙ ርቆ ይገኛል። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ2012 ባወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲቀናጅ መታቀዱ ይታወሳል። በመሆኑም በጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ምልክቶቹን ማወቁ፣ ሆስፒታሉም የቀጠሮውን ጊዜና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ለሕመምተኛው በጽሑፍ መስጠቱ ጠቃሚ ነው። ለተጋላጮች መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት በኋላ የደም ሶዲየም ምርመራ ማድረግ ይመከራል።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ክብደት መድኃኒቱን ማቋረጥን ወይም መለወጥንና የሚጠጣውን ፈሳሽ መመጠንን ያካትታል። ጉዳቱ ሲከፋ በሆስፒታል ከፍተኛ የጨው መጠን ያለው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። ሶዲየሙ በፍጥነት ከፍ ካለ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጭማሪው በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል እንዳይበልጥ ጥንቃቄ ይደረጋል። በቤት ውስጥ ውኃ አብዝቶ ማጠጣት ችግሩን ያባብሰዋል፤ ጨው መጨመርም የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ይሁንና ያልታከመ ድብርት ራሱ ለሕይወት አስጊ በመሆኑ፣ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ አይገባቸውም። ተገቢው እርምጃ ምልክቱ እንደታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው ማሳየት ነው።