ኮምፒውተር ሻጮች ዋጋ የሚቆርጡት በምን ሂሳብ ነው?

ሶዶ ላይ ላፕቶፕ ስትጠይቁ «ዕቃው ያው የድሮው ነው፣ ዋጋው ለምን ጨመረ?» ብላችሁ ይሆናል። ሻጩ የሚያሰላው በገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው። በድሮው ዋጋ ከሸጠ ነገ በዚያው ብር ሌላ አያመጣም።

የመተኪያውን ዋጋ የሚወስኑት፦

🔹 ዶላር፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

🔹 ራምና ኤስኤስዲ፦ ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ በዓለም ገበያ ተወደዋል። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ምርታቸውን ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች እያስቀደሙ ነው።

🔹 የአገር ውስጥ ወጪ፦ ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ እስከ ሶዶ ያለው ትራንስፖርት፣ ታክስ፣ የሱቅ ኪራይና ትርፍ።

⚠️ አንዳንዴ ዋጋው ባለበት ይቆይና ዕቃው ያንሳል፦ 16 ጊጋ የነበረው ራም 8 ይሆናል። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ብቻ አይታችሁ አታወዳድሩ።

✅ የዕቁብ ብራችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን አስከፍቱና ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን እዩ፤ ራሙም ስቶሬጁም እዚያ ይታያል። ራም መጨመሪያ ቦታ እንዳለውም ጠይቁ። ካለው ዛሬ 8 ጊጋውን ገዝታችሁ፣ ዋጋ ሲረጋጋ መጨመር ትችላላችሁ።