በበረዶና በፈላ ውሃ መካከል የተገኘችው ቀመር

ሬዚስታንስ ማስላት ዛሬ ቀላል ነው፤ ቮልቴጁን ለከረንቱ ማካፈል ብቻ። ታዲያ ጊዮርግ ኦም ይህችን ለማግኘት ለምን ያን ያህል ለፋ? በእሱ ዘመን ቮልት የሚባል መለኪያ ገና አልነበረማ! የሚለካበት መሣሪያም የለም። ከሁሉ የባሰው ግን ባትሪው ነበር።

ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው። በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ጥያቄው ሽቦ ሲረዝም ከረንት በምን ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። የዚያን ጊዜ ባትሪ ግን እየተለካ እያለ ይደክማል። ሽቦ ቀይረህ ከረንቱ ቢቀንስ፣ ያመጣው ሽቦው ይሁን ባትሪው በምን ታውቃለህ? በ1825 ያሳተመው የመጀመሪያ ቀመር ሎጋሪዝም ያለበት ነበር፤ ስህተት ነው።

መላውን የጠቆመው የሳይንስ መጽሔት አዘጋጁ ፖገንዶርፍ ነው፦ ባትሪውን ተወውና በሙቀት ተጠቀም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሁለቱም ጫፋቸው ተጋጥሞ አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ከረንት እንደሚፈስ ዜቤክ ከጥቂት ዓመታት በፊት አሳይቶ ነበር። ኦም ቢስሙትና መዳብ አጋጠመ። አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ ያሞቃል፣ ሌላውን በሚቀልጥ በረዶ ያቀዘቅዛል። ውሃው እስከፈላና በረዶው እስካላለቀ ድረስ ልዩነቱ ያው 100 ዲግሪ ነው፤ የማይደክም ምንጭ አገኘ ማለት ነው። እኔ ከቀመሩ ይልቅ የምወደው ይህን ነው።

ከዚያ ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ አስገባ። ከረንቱን የሚለካው በቀጭን ጥብጣብ በተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ነው፤ መርፌው ሲዞር ጥብጣቡን ጠምዝዞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ የጠመዘዘበትን ልክ ይጽፋል። በ1826 ውጤቱ እንዲህ ወጣ፦

ከረንት = ሀ ÷ (ለ + የሽቦው ርዝመት)

«ሀ» ከሙቀት ልዩነቱ ይመጣል፤ ዛሬ ቮልቴጅ የምንለው ነው። «ለ» ደግሞ የቀረው ዑደት ሬዚስታንስ። በ1827 መጽሐፍ አድርጎ ቢያወጣው ብዙዎች ፊት ነሱት፤ የማስተማር ሥራውንም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው በ1841 ነው።

በዚያው ሰሞን ጄምስ ጁል የተባለ የእንግሊዝ ቢራ ጠማቂ ልጅ ጥምዝ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ የውሃውን ሙቀት ይለካ ነበር። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። ፓወር የከረንት ስኩዌር ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው ማለት ነው። በኦም ቀመር ስናቃልለው ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ይሆናል።

እስቲ በእንጀራ ምጣድ እንየው። 220 ቮልት ላይ 16 አምፒር ቢወስድ፣ ሬዚስታንሱ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም፣ ፓወሩ 220 × 16 = 3,520 ዋት ነው። አሁን ማታ ላይ መብራቱ ደከመና ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ እንበል። (ሽቦው ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ጥቂት ይለወጣል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፦ 180 ÷ 13.75 = 13.1 አምፒር ገደማ። ፓወሩ ወደ 2,356 ዋት ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን በ33 በመቶ ወርዷል። እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ሊጡ ቢወቀስ፣ መጀመሪያ ቮልቴጁን መለካት ነው።