አቶም መሰንጠቅም ማዋሐድም ለምን ኃይል ይሰጣል?

ኢትዮጵያና ሩሲያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም በሞስኮ ተፈራርመዋል። እንዲህ ያለው ማመንጫ የሚሠራው ከባድ አቶምን በመሰንጠቅ ነው። የሱሉልታን ሣርና የሰበታን አዝመራ የምታበቅለው ፀሐይ ግን ኃይሏን የምታገኘው ቀላል አቶሞችን በማዋሐድ ነው። ታዲያ አንዱን አቶም እያዋሐዱና መልሰው እየሰነጠቁ ማለቂያ የሌለው ኃይል ማግኘት ይቻላልን? አይቻልም።

በአቶም አስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በሁለት ተጻራሪ ጉልበቶች ሥር ናቸው። አንደኛው አጥብቆ ያያይዛቸዋል፤ እጅግ ብርቱ ቢኾንም ከቅርብ ጎረቤት አያልፍም። ሌላው ፕሮቶኖች እርስ በርስ የሚገፋፉበት የኤሌክትሪክ ጉልበት ነው፤ ይህ ደካማ ቢኾንም ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። ትንንሽ አስኳሎች ሲዋሐዱ ተያያዥ ጎረቤት ስለሚበዛላቸው ይጠብቃሉ። በዩራኒየም ውስጥ ግን 92 ፕሮቶኖች ሁሉም ሁሉንም ስለሚገፉ አስኳሉ የላላ ነው፤ ሲሰነጠቅ ከርሱ የጠበቁ ሁለት አስኳሎች ይወጡታል። ኃይሉ የሚለቀቀው በዚህ መጥበቅ ነው።

ቡራዩ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ወገን እንጦጦን፣ በሌላው ወጨጫን ያያል። ከሁለቱ ተራሮች የሚንከባለሉ ድንጋዮች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢመጡም ሁለቱም ቁልቁል ይወርዳሉ። የአስኳሎች ዝቅተኛ ስፍራ ብረትና ኒኬል ዘንድ ነው። የማረሻው ብረት ቢሰነጠቅም ቢዋሐድም ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም።

ሃይድሮጅን ተዋሕዶ ሂሊየም ሲኾን ከክብደቱ 0.7 በመቶ ያህሉ ወደ ኃይል ይለወጣል። ፀሐይ በዚህ የተነሣ በየሰከንዱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ትቀንሳለች፤ ነዳጇ ግን ገና ለ5 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ ስለሚበቃት ገበሬውን የሚያሳስብ አይደለም። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚቀንሰው 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያም ኾኖ 1 ኪሎ ግራም ዩራኒየም 235 ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ ወደ 3 ሺህ ቶን የድንጋይ ከሰል ያህል ኃይል ይወጣዋል።

ለመሰንጠቅ ኒውትሮን ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ሳይገፋ ወደ አስኳሉ ይገባል። ማዋሐድ ግን የሚገፋፉ አስኳሎችን ማቀራረብ ስለኾነ በምድር ላይ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ በዚህ መንገድ ኤሌክትሪክ የሚያቀርብ ማመንጫ እስከ አሁን የለም። የመሰንጠቅ ዕዳው ዝቃጩ ነው። ያገለገለው ነዳጅ ጨረር ስለሚረጭ በመጀመሪያ ለዓመታት በውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሰውና ከውኃ ምንጭ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።