ያልተከተለው

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አልበም ነው። አልበሙ ጋ ለመድረስ ግን በአውሮፕላን ጠለፋ በኩል ማለፍ ግድ ነው። መንገዱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ታሪኩን የሚያወራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1970 ማለዳ ነው። ከቶኪዮ ሃኔዳ የተነሳ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 727፣ ከ120 በላይ መንገደኞች አሳፍሮ ወደ ፉኩኦካ ይበራል። «ዮዶ» የሚል የወንዝ ስም የተሰጠው አውሮፕላን ነው። አየር ላይ ሳለ ዘጠኝ ወጣቶች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ጎራዴ መዘዙ፤ ፈንጂም ይዘናል አሉ። «ቀይ ጦር» የሚባለው የተማሪዎች አንጃ አባላት ናቸው። ወዴት ውሰዱን አሉ? ወደ ፒዮንግያንግ!

አብራሪው ነዳጅ አይበቃኝም ብሎ ፉኩኦካ አረፈ። እዚያ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ወረዱ። እንደገና ተነሳ። ቀጥሎ ያረፈበት ቦታ የሰሜን ኮሪያን ልብስ የለበሱ ወታደሮች ቆመው ይጠብቁ ነበር። ጠላፊዎቹ ልጆች ግን ጠረጠሩ፤ እውነትም ቦታው ሴኡል ነበር፣ የጊምፖ አውሮፕላን ማረፊያ። ደቡብ ኮሪያዎች ፒዮንግያንግን አስመስለው ድራማ ሠርተውላቸው ኖሯል። ድራማው ከሸፈ፤ ቀናት የፈጀ ድርድር ተከተለ። በመጨረሻ የጃፓን የትራንስፖርት ምክትል ሚኒስትር ሺንጂሮ ያማሙራ በመንገደኞቹ ምትክ ታጋች ሆነው ገቡ፤ አውሮፕላኑም ወደ ሰሜን በረረ። ልጆቹ እዚያ ሠልጥነን እንመለሳለን ብለው ነበር።

ከዘጠኙ አንዱ ሞሪያኪ ዋካባያሺ ይባላል። ሥራው ምን ነበር? ቤዝ ጊታር መጫወት።

አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ ኪዮቶ እንመለስ። በ1967 ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታካሺ ሚዙታኒ የሚባል ተማሪ አንድ ባንድ አቋቋመ። ስሙን በፈረንሳይኛ ለዛ «ሌ ራሊዝ ዴኑዴ» አለው። «ዴኑዴ» እርቃናቸውን የሆኑ ማለት ነው፤ «ራሊዝ» የሚል ቃል ግን በፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ብትፈልጉ አታገኙም። ሚዙታኒ ፀጉሩ ረጅም፣ ልብሱ ጥቁር፣ መነጽሩም ጥቁር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በሰልፍና በድንጋይ በሚናጡበት ዘመን እሱ ጊታሩን አምፕሊፋየር ፊት አስጠግቶ ማስጮህ ጀመረ። ዋካባያሺም ከዚያ ከመጀመሪያው ቡድን ነበር።

ለጠለፋው ሚዙታኒም ተጋብዞ ነበር ይባላል። እምቢ አለ። ቤዚስቱ ሄደ፤ ጊታሪስቱ ቀረ።

የቀረውም ቢሆን ከሰው ዓይን ራቀ። ጓደኛህ አውሮፕላን ጠልፎ ሲሄድ አንተን ማንም እንደ ድሮው አያይህም። ሚዙታኒ ቀስ በቀስ ቃለ ምልልስ የማይሰጥ፣ አልበም የማያወጣ፣ መድረክ ላይ ብቻ የሚገኝ ሰው ሆነ። በ1973 ቶኪዮ ኪቺጆጂ የሚገኘው «ኦዝ» የተባለ የሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ለመታሰቢያ አንድ ድርብ ሸክላ ታትሞ ነበር፤ ከሌሎች ባንዶች ጋር እነሱም አሉበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት አንድም አልበም አልነበራቸውም።

እውነቱን ልናገር? ጠለፋው ባይኖር ኖሮ ከግማሽ የሚበልጠው አድማጭ ስማቸውንም ባልሰማ ነበር። ወሬው ከሙዚቃው ቀድሞ ሄደ። እኔንም የወሰደኝ ወሬው ነው፤ ያስቀረኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማርች 12 ቀን 1977 ነው። ቦታው ታቺካዋ፣ ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ። ከተማዋ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ነበረባት፤ በ1950ዎቹ ማኮብኮቢያው ይስፋ ሲባል ገበሬና ተማሪ ተባብሮ ያስቆመው ያ ሰፈር። እንዲያውም መሬቱ ሙሉ በሙሉ ለጃፓን የተመለሰው በዚያው በ1977 ነው። በዚህች ከተማ የማኅበራዊ ትምህርት አዳራሽ ውስጥ አራት ሰዎች መድረክ ላይ ወጡ። ሚዙታኒ በጊታርና በድምፅ፣ ታኬሺ ናካሙራ በሁለተኛው ጊታር፣ ሂሮሺ በቤዝ፣ ቶሺሮ ሚማኪ በድራም። ያ ምሽት ተቀዳ። የዛሬው አልበም ይኸው ነው፤ «77 ላይቭ» ይባላል። ሰባት ዘፈን፣ ሁለት ሲዲ።

ሲጀምር መሣሪያው የተበላሸ ይመስላችኋል። ስብሰባ ላይ ወይም ሠርግ ቤት ማይክራፎኑ ስፒከሩ ፊት ሲቀርብ «ጲ...!» ብሎ ሰውን ጆሮውን የሚያሲዘው ጩኸት አለ አይደል? ሳውንድማኑ ሮጦ የሚያጠፋውን ማለቴ ነው። ጊታርም ይኸው ጠባይ አለው። ክሩ ይርገበገባል፣ ማግኔቱ ይቀበለዋል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ያንኑ ክር ያርገበግበዋል፤ እንዲህ እየዞረ ራሱን በራሱ ይመግባል። እጅ ሳይነካው ይጮኻል። ሌላው ሳውንድማን የሚሸሸውን ሚዙታኒ ቤቴ ብሎ ገባበት። ማስተጋቢያም ጨመረበት፤ አንዱ ጩኸት ሳያልቅ የትናንቱ እየተመለሰ ይደረብበታል። እሱ ራሱ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጀርባ ሆኖ፣ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው፣ ቀስ ብሎ ይዘፍናል።

ከሥር ያለውን ስሙ። ሂሮሺ በቤዙ ጥቂት ድምፆችን ይዞ ይዞራል። አይቸኩልም፤ አይለውጥም፤ አያጌጥም። እህል የሚፈጭ ሰው አይታችኋል? እጁ በአንድ ልክ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ዱቄቱ ነው የሚቦነው። ጊታሩ ዱቄቱ ነው። ቤዙን አውጡትና ይህ አልበም ራስ ምታት ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘፈን «ሌሊት፣ የነፍሰ ገዳዮች ሌሊት» የሚል ርዕስ አለው። ስሙ ያስፈራል፤ ዙሪያው ሁሉ እሳት ነው። ቤዙ ግን... ቆይ፣ ይህን የት ነው የሰማሁት ትላላችሁ። ለብዙ አድማጭ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው። በ1963 ሊትል ፔጊ ማርች የምትባል የ15 ዓመት አሜሪካዊት ልጅ በአገሯ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣችበት የፍቅር ዘፈን አለ፤ የቤዙ ዙር ቁርጥ የዚያ ነው። ነፍሰ ገዳዮቹ በኮረዳ ዜማ እየተራመዱ ነው! የልጅቷ ዘፈን ርዕስስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እከተለዋለሁ»።

ይህን ሳውቅ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄን ተውኩት። ሚዙታኒ ይህን አስቦ አድርጎት ይሆናል ብዬ አልምልም። ግን ጓደኛውን ተከትሎ አውሮፕላን ያልተሳፈረ ሰው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጓደኛው በተወው መሣሪያ ላይ ይህን ዜማ እያስደጋገመ ሲጮህ መስማት ቀላል አይደለም።

ሌሎቹን ዘፈኖች ሮጥ ሮጥ ልበልባቸው። «የበረዶ ነበልባል» አለ፤ «ከሌሊት የጠለቀ» አለ። «ትዝታው ሩቅ ነው» የሚልም አለ፤ ርዕሱን ሳነብ እኔም እንደ እናንተ ልቤ ድንግጥ አለ፣ ግን ከእኛ ትዝታ ጋር በቅኝትም በዘርም አይገናኙም። እውነት ለመናገር አንዳንዱ ይረዝማል። ጆሮዬ ደክሞት ተነስቼ ቡና ያፈላሁበት ጊዜ አለ፤ ስመለስ ያው ቦታ ላይ ነበሩ።

ያ ቅጂ 14 ዓመት ተቀምጦ በ1991 ከሌሎች ሁለት አልበሞች ጋር በጥቂት ቁጥር ወጣ፤ ወዲያው አለቀ። ከዚያ ሕገ ወጥ አባዦች ተረከቡት። ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ድምፁ እንዴት እንደሚሟሽሽ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ይህ ባንድ በዓለም የዞረው በአብዛኛው እንደዚያ ሆኖ ነው። ባንዱ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ የታየው በ1996 ነው። ሚዙታኒ በዲሴምበር 2019 አረፈ። ዓለም የሰማው ግን በ2021 ነው፤ ሲሞትም እንደኖረው ተደብቆ! በወጣትነቱ አብሮት የተጫወተው ማኮቶ ኩቦታ አሮጌዎቹን ቅጂዎች አጽድቶ አሰናዳ፤ «77 ላይቭ»ም በ2022 በሸክላም በሲዲም በደንቡ ታትሞ ወጣ። ዋካባያሺ ወደ ጃፓን አልተመለሰም፤ ከጠለፋው በኋላ ኑሮው ፒዮንግያንግ ሆኖ ቀረ።

መዝጊያው ዘፈን «የመጨረሻው» ይባላል፤ 25 ደቂቃ ገደማ ነው። እሱን ስትከፍቱ ድምፁን ከፍ አድርጉት፤ ዝቅ ተደርጎ የሚሰማ አይደለም። እኔ አንድ ማታ እንዲያ ሳደርግ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳ። ይቅርታ ልጠይቅ ስከፍት የሚቆጣ አልመሰለም። ጊታሩ በግድግዳው በኩል አልደረሰውም ነበር፤ ቀጭን ድምፅ ግድግዳ አያልፍም፣ ወፍራሙ ነው የሚያልፈው። ሲያዳምጥ የነበረው ቤዙን ብቻ ነው።

«ይሄ ነገር» አለኝ፣ «አንድ ቦታ ላይ ተሰናክሎ ነው ወይስ እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩት።