የሞምባሳ ዝናብና የእኛ ፋሲካ

በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ኢስሊ የነበረ ሰው ያንን ዝናብ አይረሳውም። በፈረንጅ ኤፕሪልና ሜይ 2024 መሆኑ ነው። የማታሬ ወንዝ ሞልቶ ቤቶችን ወሰደ፤ በመላው ኬንያ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የእኛ ጉዳት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በእቁብ ገንዘብ በሞያሌ በኩል ያስመጣነው የፋሲካ በርበሬና ሽሮ፣ መጋዘናችን ውሃ ገብቶበት ሻገተ። የሦስት ቤተሰብ ገንዘብ ነበር። ጥፋቱንም በዝናቡ ብቻ አናላክክም። ጆንያውን ባዶ መሬት ላይ የደረደርነው እኛው ነን፤ በእኛ ሐሳብ ክረምት የሚገባው በሰኔ ነዋ!

ከዚያ በኋላ የዚህን አገር የዝናብ ታሪክ መጠየቅ ጀመርን። ታሪኩን ለመረዳት የሚቀለው ኮንቴይነሮቻችን በሚራገፉበት ወደብ ካለችው ከሞምባሳ ደሴት ቢጀመር ነው።

ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ዝናብ የሚያመጣው የደመና መቀነት ፀሐይን እየተከተለ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ መልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሰሜን ሲደርስ የእኛን ደጋ በሐምሌና በነሐሴ ያርሰዋል። ምድር ወገብ አጠገብ ያለ አገር ግን ሲያልፍም ሲመለስም ያገኘዋል። ስለዚህ እዚህ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው። ከማርች እስከ ሜይ ያለው ከባዱ ማሲካ ይባላል፤ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ቀለል ያለው ደግሞ ቩሊ። ናይሮቢ ላይ ኤፕሪል ይበረታል፣ ደሴቷ ላይ ሜይ። በደሴቷ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደረቅ ናቸው። አገር ቤት ጭቃ በሆነበት በሐምሌ ናይሮቢ ብርድ እንጂ ዝናብ የላትም፤ ሞምባሳ ግን ከባሕሩ የሚመጣ ካፊያ አይጠፋትም። የቦረና ሰዎችም ሁለቱን ዝናቦች ገንናና ሀገያ ብለው ይለያሉ። ሞያሌ ላይ ስንት ዓመት ስናልፍ ብንጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩን ነበር።

የደሴቷ ነጋዴ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በዚህ አቆጣጠር ነው። ከዲሴምበር ጀምሮ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ንፋስ ከዓረብና ከሕንድ ባለ ሸራ ጀልባዎችን ያመጣል፤ ቴምርና ጨርቅ ይራገፋል። በኤፕሪል ንፋሱ ዞሮ ኩሲ ይሆንና ከደቡብ ዝናቡን ይዞ ይነፍሳል። ጀልባዎቹ የዝሆን ጥርስና የቤት መሥሪያ እንጨት ጭነው በዚያው ንፋስ ይመለሳሉ። ወቅቱ ያመለጠው ነጋዴ እስከሚቀጥለው ንፋስ ድረስ ይጠብቃል።

ይህን አለማክበር ምን እንደሚያስከፍል ቫስኮ ዳ ጋማ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1498 ሞምባሳ ደረሰ፤ እዚያ ስላልቀናው ወደ ማሊንዲ አለፈ። ከማሊንዲ ባሕሩን የሚያውቅ መሪ ይዞ፣ ንፋሱም ተስማምቶት፣ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሕንድ ገባ። ሲመለስ ግን ንፋሱ እስኪዞር አልጠበቀም፤ በኦክቶበር ተነሣ። ያው ባሕር ሦስት ወር ያህል ፈጀበት፤ ብዙ መርከበኞቹም በበሽታ አለቁ።

በእርግጥ ዝናቡም ሁልጊዜ ቃሉን አይጠብቅም። በ1961 ቩሊው ከልክ አልፎ ኬንያን አጥለቀለቀ። በ1997 መጨረሻም በኤል ኒኞ ምክንያት እንደገና በረታ፤ የሞምባሳና የናይሮቢ መንገድ ተቆራረጠ፣ ዕቃ ወደብ ላይ ቀረ። በተቃራኒው ከ2020 እስከ 2022 በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ ሲያልቅ የሞያሌም ገበያ አብሮ ደረቀ።

ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሆኖ ካለቀ ገና አሥር ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እናቶቻችን በማሲካ የጭነት መኪና አይልኩም ነበር፤ ጭቃው ራሱ ያስተምራቸው ነበር። እኛን አስፋልቱ አዘናጋን። መኪናው በጊዜው ደረሰልን፤ መጋዘኑ ግን ያው የዱሮው መጋዘን ነው።

አሁን በእቁባችን ደንብ አውጥተናል። ፋሲካ ምንጊዜም ማሲካ ውስጥ ይውላል፤ ስለዚህ የፋሲካ በርበሬ የካቲት ሳያልቅ ይገባል፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል፣ ሸራ ይለብሳል። የገና ዕቃ የሚመጣው በቩሊ ስለሆነ የመኪናው ሸራ ከመጫኑ በፊት ይታያል። ለእንቁጣጣሽ ግን እዚህ ያለው መንገድ ደረቅ ነው፤ ክረምቱ ያለው አገር ቤት ስለሆነ እዚያ ለሚጭኑልን ቀድመን እንደውላለን።

የጠፋውን ገንዘብ ሦስቱ ቤተሰቦች እስካሁን እየከፈሉ ነው። እናንተ ሳትከፍሉ እንድታውቁት ብለን ጻፍነው።